ጋሼ የጻፉልኝ የድጋፍ ደብዳቤ

ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እትዬስ እንደምን አሉ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ በሰው አገር ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን ኢሜይል የማኅበሩ ታይፒስት አትማ እንደምትሰጥዎ አውቃለሁና ለእሷም ሰላምታዬ ይድረሳት። (እያነበብሽው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰላም ነሽ?)

ጋሼ፣ ስልክ ላይ ጆሮዎ እንደማይተባበርዎ ስለማውቅ ነው በጽሑፍ የመጣሁት። ጉዳዩ እንዲህ ነው። ማስተርስ ላመለክት ነው። ትምህርቱ የፋይናንስ ቴክኖሎጂ ይባላል። ስሙ አያስደንግጥዎ። ሰው ሳይሰለፍ በስልኩ እንዴት ይከፍላል፣ እንዴት ይቆጥባል፣ አጭበርባሪ በመሐል ሲገባ እንዴት ይያዛል የሚለውን የሚያስተምር ነው። እኔም እዚሁ ሥራ ውስጥ ነኝ፤ ግን ከጫፉ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ «ተልኳል ይላል፣ ግን አልደረሰም» እያሉ የሚጮኹ ሰዎችን አረጋጋለሁ። አርባ ሰው በተደረደረበት አዳራሽ ውስጥ፣ መስኮት የሌለው ጥግ ላይ ነው ወንበሬ። ለምን እንዳልደረሰ ግን አላውቅም። ማወቅ የተፈቀደላቸው ፎቅ ላይ ያሉት ናቸው። የእኔ ሥራ «ቅሬታዎን መዝግበናል» ማለት ነው። ስድስት ዓመት መዘገብኩ። አሁን ፎቅ መውጣት አማረኝ።

ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ለሁለት ሰው ሙሉውን ወጪ ይችላል። ዕድሜ ግን ከሠላሳ አምስት በታች መሆን አለበት። እኔ በመጪው ነሐሴ ሠላሳ አምስት እሞላለሁ። እንግዲህ ያለኝ ይህ ዓመት ብቻ ነው።

ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። አንዱን እዚህ ያለው አለቃዬ ይጽፍልኛል። ሁለተኛው መጀመሪያ ከተቀጠርኩበት ቦታ መሆን አለበት፤ ይኸውም ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ፣ ማለትም ከእርስዎ። አራት ዓመት መስኮት ቁጥር ሁለት ላይ ስቀመጥ ያየኝ ሌላ ሰው የለም። ፎርሙ በማኅበሩ ኢሜይል ይደርስዎታል። ታኅሣሥ 30 ይዘጋል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያሉ ሲቀልዱብኝ ነው ያሳደጉኝ። ዘንድሮ ግን እባክዎ እርስዎ ይቸኩሉልኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 11 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለችኩሌ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። የእትዬሽ ጉልበት እንደ ወትሮው ነው፤ እሷ ግን ሐኪም ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሰው ስለሆነች ሐኪም የሚላትን አትሰማም። ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ታይፒስቷ በየሳምንቱ «ለልጅቷ ምን ልበላት?» ትለኛለች።

ማኅበራችንም እንዳንቺ ዘምኗል። መስኮት ቁጥር ሁለት ተዘግቶ ፎቶ ኮፒ ማሽን ተቀምጦበታል። ያንቺ ወንበር ላይ የወረቀት ካርቶን ተቆልሏል። ሁለት ሰው ያልፈረመበት ወረቀት ከእጄ አያልፍም ስለምል «ሁለት ፊርማ» ብለው የሰየሙኝ ልጆች አሁን በአንድ ጣት ስክሪን ነክተው ያጸድቃሉ። እኔም ሰኔ ላይ ጡረታ ስለምወጣ አልከራከርም። ለወጉ ያህል እቆጣለሁ፤ እነሱም ለወጉ ያህል ይፈራሉ።

ፎርሙን አየሁት። «የአመልካቿ ዘመድ ነዎት ወይ?» ይላል። አዎን፣ አጎቷ ነኝ ብዬ ሞላሁ። ታይፒስቷ ዝለሉት ስትለኝ እምቢ አልኩ፤ እኔ እንደሆነ ወረቀት ላይ ዋሽቼ አላውቅም። «ድክመቷ ምንድን ነው?» ለሚለው መቸኮል ብዬ ጻፍኩ። እንዳትቀየሚኝ።

ከዚያ ወረድ ብሎ፣ «አመልካቿ በከባድ ሁኔታ ውስጥ በራሷ የወሰነችበትን አንድ አጋጣሚ ይግለጹ» የሚል አለ። እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። እያሰብኩበት ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 14 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ከእግር እስከ ራስ ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የምሳ እረፍት ላይ ነበርኩ። «መቸኮል» የሚለው ላይ ስስቅ አጠገቤ ያለችው ልጅ ውሃዋን ደፋች።

አጋጣሚ ይግለጹ የሚለው አያስቸግርዎ። የደብተሮቹን ቀለም ይጻፉ። ማንበብ የማይችሉ አባላት የእነሱን ደብተር ከባልና ከልጅ ደብተር ለይተው እንዲያውቁ ሽፋኑን በቀለም የለየሁላቸውን ማለቴ ነው። ወረፋው በግማሽ ቀንሶ እንደነበር ያስታውሳሉ። እነዚህ ሰዎች የሚወዱት እንዲህ ያለውን ነው፤ ለማያነብ ሰው የተሠራ ነገር።

ሌላ ሌላውን ይተዉት። ይገባዎታል ብዬ አስባለሁ። ይህ ወረቀት በታይፒስቷ እጅ ስለሚያልፍ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የሚጽፉትን እኔ እንዳላየው ደንባቸው ይከለክላል። ስለዚህ ዓይኔን ጨፍኜ ጥዬብዎታለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ይድረስ ለችኩሌ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እነሆ ተልኳል። ሁለት ቀን ቀድሜ ነው የላክሁት፤ ማን ነው ቀርፋፋ አሁን?

ታይፒስቷ ሁለት ጊዜ አስተየቡኝ ብላ አኩርፋለች። የመጀመሪያው ረዝሞ ነበር፤ አሳጠርኩት። የቀለሙን ነገር እንዳልሽኝ ጽፌዋለሁ። ግን ልጄ፣ ቀለሙ ብልህነትሽን እንጂ ልብሽን አያሳይም። ልብሽን የሚያሳይ አንድ ነገር ጨመርኩበት። ይወዱልሻል። የማኅበሩን ማኅተም ሳሳርፍበት ወረቀቱ እስኪበሳ ነው የመታሁት።

ተቀበሉኝ የሚለውን ወሬ ቶሎ አሰሚን። እትዬሽ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች።

አጎትሽ


የካቲት 2 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

እልል በሉ! ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ! ካመለከተው ሰው ሁሉ የቀረነው አሥራ አምስት ነን። የካቲት 12 በስክሪን ያነጋግሩኛል። ሥራ ቦታ ደረጃው ላይ ቆሜ ለራሴ ጥያቄ እየጠየቅሁ ለራሴ እመልሳለሁ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ አበደች ብላ ለአለቃዬ ልትነግረው ነበር። ኮት ከጎረቤቴ ተውሻለሁ፤ እጅጌው ይረዝማል፣ ግን ስክሪኑ የሚያሳየው እስከ ትከሻ ነው።

ጋሼ፣ የእርስዎ ደብዳቤ ነው እዚህ ያደረሰኝ። ውለታዎን አልረሳም። ይጸልዩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 19 ቀን

ይድረስ ለችኩሌ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ደስታሽ ለእኛም ተርፎናል። እትዬሽ ቤቱን ሁሉ አሳቀችው።

እንግዲህ አሥራ ሁለት አልፏል። ምን ጠየቁሽ? ስለ ድሮው ሥራሽም አነሱ ወይ? ስንት ሰው ነበሩ? ስለ ድሮው ሥራሽ ምን ጠየቁሽ?

አጎትሽ


መጋቢት 20 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን አለሽ? ምነው ጠፋሽ? እናትሽን ብጠይቃት ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው አለችኝ። ሥራ የበዛበት ሰው «ደህና ነኝ» የምትል ቃል አያጣም። ታይፒስቷ ጠዋት ጠዋት ስገባ ሳልጠይቃት ራሷን ትነቀንቅልኛለች።

ክፉ ወሬም ቢሆን ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 12 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ይህን በፖስታ የላክሁት ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳያነበው ነው። ቤት ገብተው ይክፈቱት።

አልተቀበሉኝም።

ሦስት ሰዎች ነበሩ። አጀማመሩ በጣም ጥሩ ነበር። የደብተሮቹን ቀለም ስነግራቸው አንዱ ሽማግሌ መነጽሩን አውልቆ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ። ማንም፣ ወረፋው ነው ያስተማረኝ አልኩት። ሳቁ። በልቤ አለቀ፣ ደቀቀ ብዬ ነበር።

ከዚያ መሐል ላይ የተቀመጠችው፣ የቁጥጥርና የሥጋት አስተዳደር ትምህርት የምታስተምረው ሴት፣ ወረቀት ገለጠች። «የቀድሞ አለቃሽ እጅግ ያመሰግኑሻል» አለችኝ። «አንድ ቀን ልጇ ለታመመባት እናት፣ ያለ ሁለተኛ ፊርማ፣ በራስሽ ውሳኔ ክፍያ እንደፈጸምሽና ከደንቡ ሰውን እንዳስቀደምሽ ጽፈዋል። እስቲ አስረጂን።»

ጋሼ፣ ያን ቀን አንዴ አብረን እናስታውሰው። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላነሳነውምና።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። እርስዎ በሥራ ሰዓት ቤትዎን ወደሚያሠሩበት ቦታ ሄደው ነበር። ልብስ ሰፊዋ አባላችን የሆስፒታሉን ወረቀት በእጇ ይዛ መጣች፤ ልጇ ኦፕራሲዮን ሊገባ ነው። የጠየቀችው የራሷን ቁጠባ ነው። ደወልኩልዎ። የሲሚንቶ ማቡኪያው ድምፅ እየጮኸ «ስጪያት! ነገ በጠዋት ገብቼ እፈርማለሁ!» አሉኝ። ሰጠኋት። በነጋታው ግን ከእርስዎ ቀድሞ ኦዲተሩ ገባ። እርስዎ ሲደርሱ የክፍያ ማዘዣውን ይዞ ቆሟል፤ አንድ ፊርማ፣ የእኔ ብቻ። «ይህን ማን ፈቀደ?» አለ። እርስዎን አየሁ። እርስዎ መነጽርዎን እየጠረጉ ነበር። ረጅም ጊዜ ጠረጉት። «እኔ ነኝ፣ ብቻዬን ነው የወሰንኩት» አልኩ።

ማስጠንቀቂያው በማኅደሬ ገባ። ለእኔ ታስቦ የነበረው የሒሳብ ክፍል ኃላፊነትም ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔም ለቅቄ ወጣሁ፤ ሰው ሁሉ ውጭ አገር አምሯት ነው አለ። እናቴ እንኳ እስከ ዛሬ አታውቅም። ያኔ አልተቀየምኩዎትም ብል ይመኑኝ። ቤቱ ግማሽ ላይ ነበር፣ ልጆችዎ ትምህርት ቤት ነበሩ፣ ከሥራ ቢባረሩስ ብዬ ፈርቼልዎታለሁ።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ ልመለስ። «አለቃዬ በስልክ ፈቅደውልኝ ነበር» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ብል የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈልኝን ሰው ውሸታም ማድረጌ ነው። የውሸታም ምስክርነት ደግሞ ለምን ይበጀኛል? በዚያ ላይ አጎቴ እንደሆኑ ፎርሙ ላይ ተጽፏል። ቢቸግረኝ ደግሜ «ብቻዬን ነው የወሰንኩት» አልኩ። ሴትየዋ አየችኝና «ዛሬ ቢሆንስ?» አለች። ዛሬም እሰጣት ነበር አልኩ። ይህኛው እውነት ነው። ሽማግሌው ወረቀቱን አጠፈው።

የመለሱልኝ ደብዳቤ አጭር ነው። ችሎታዬን ያደንቃል፤ ከዚያ «በቁጥጥር ሥርዓት ላይ ያላት አቋም ለዚህ ሙያ አሳሳቢ ሆኖ አግኝተነዋል» ይላል። ሰው ገንዘቡን አምኖ የሚጥልበትን ሥርዓት ለመሥራት የሚማሩበት ትምህርት ነው ጋሼ። እነሱን ለመውቀስ አፍ የለኝም።

ሊያመሰግኑኝ እንደጻፉት አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ስልኩን ለምን አልጻፉትም?

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 18 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታ ለማቅረብ ፊት የለኝም፤ ቢሆንም ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ይህን በእጄ ነው የጻፍኩት። ፊደሉን ታገሺኝ።

ለምን አልጻፉትም ላልሽው፣ ጽፌው ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ሁሉም ነበረ። በስልክ ስጪያት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ኦዲተሩ ፊት ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ልጅቷ የእኔን ጥፋት ነው የተሸከመችው ብዬ ጽፌ ነበር። ታይፒስቷ ተይባ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየቷ አስፈራኝ። የማኅበሩ ማኅተም የሚያርፍበት ወረቀት ነው፣ ጡረታዬ ደጃፍ ላይ ነው፣ ቦርዱ ቢሰማ ምን ይለኛል አልኩ። የእኔን አንቀጽ ቆርጬ አወጣሁት። ያንቺን ደግነት ግን ማውጣት አልሆነልኝም። ሰባት ዓመት ሙሉ ለአንድ ሰው እንኳ ሳልናገርልሽ ቀርቻለሁና፣ ባመሰግናት ይካሳል ብዬ ተውኩት። ጥፋቴን ቆርጬ ምስጋናሽን ያስቀረሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ያስቀረሁት ጥፋቱን ነው፤ ያውም ባንቺ ስም።

አንቺ ደግሞ ሌላውን ይተዉት ብለሽኝ ነበር። እሱንም አልሰማሁሽ።

ዘመድ ነህ ወይ ሲሉኝ አልዋሽም ብዬ የኮራሁት ሰውዬ ይኸውልሽ። ትንሹን እውነት ተናግሬ ትልቁን ዋጥኩት። ደብዳቤሽን እትዬሽ ከእጄ ተቀብላ አነበበችው። ስትጨርስ «ይህን ቤት በዚች ልጅ እንጀራ ነው የጨረስከው?» አለችኝና ወጥታ ሄደች። አራት ቀን አላነጋገረችኝም። አምስተኛው ቀን «ቁርስህን ብላ» አለችኝ፤ እስካሁን ከዚያ ብዙም አልጨመረች።

ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ። ሁሉንም፣ በሙሉ ስሜ፣ ሳላሳጥር። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት መስመር መለሱ። ስላሳወቁን እናመሰግናለን፣ የዘንድሮው ውሳኔ ግን ተዘግቷል፣ ቦታዎቹም ተይዘዋል ይላል።

ከዚያ ጡረታዬ ሊጸና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቦርዱ ፊት ቀርቤ ተናገርኩ። አንድ ክምር ወረቀት ይዤ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ነው የገባሁት። ሊቀመንበሩ ሰምቶኝ ሲጨርስ ሳቀ። «አይ ሁለት ፊርማ! ይሄ እኮ ድሮ ያለቀ ነገር ነው። ሴትየዋ የራሷን ብር ነው የወሰደችው። ሂድና ጡረታህን ብላ» አለኝ። ሌሎቹም ሳቁ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ችኩሌ፣ ሰባት ዓመት የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር። ለእኔ ሳቅ ሆነ፣ ላንቺ ማስጠንቀቂያ። ያኔ ኦዲተሩ ፊት አፌን ብከፍት ቢበዛ አንድ ቁጣ ነበር የሚደርስብኝ። ከስብሰባው ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዘበኛው ጡረታ መውጣቱ ከፍቶት ነው ብሎ አጽናናኝ፤ አላረምኩትም።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። በሚመጣው ዓመት እንደገና አመልክቺ። ሙሉውን እውነት እኔ እጽፍልሻለሁ። ነጻው ዕድል በዕድሜ ቢያልፍሽም፣ ቤቱን ግማሹን አከራይቼ ክፍያውን እሸፍናለሁ። እትዬሽም ተስማምታለች፤ እንዲያውም ሐሳቡ የእሷ ነው።

ይቅር በይኝ ማለት ይከብደኛል፤ ስለሚከብደኝ ግን አልተወውም። ይቅር በይኝ።

አጎትሽ


ነሐሴ 22 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እትዬስ ደህና ናቸው? ከእርስዎ ጋር መነጋገር ጀመሩ? እንዲጀምሩ ነግራኛለች ይበሏቸው። እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሠላሳ አምስት ሞላሁ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ልጆች ወንበሬ ላይ ፊኛ አስረውልኝ፣ እኔ አንድ ሰውዬ ገንዘቤ አልደረሰም እያለ ሲጮህብኝ ፊኛው ፈነዳና እሱ ደንግጦ ዘጋው። ቅሬታውን ግን መዝግቤለታለሁ።

ደብዳቤዎን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። አይደለም እንዳልል እወድዎታለሁ። አዎን እንዳልል ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሊፍቱ ፎቅ ላይ የሚሠሩትን ይዞ ሲወጣ እኔ ወደ ግራ ታጥፌ ወደ አዳራሹ እገባለሁ፤ በዚያች ደቂቃ በየቀኑ ትዝ ይሉኛል። ስለዚህ ውሸት አልጽፍልዎም። ጊዜ ይስጡኝ።

ቤቱን አያከራዩ። እዚህ ከተማ ሌላ ኮሌጅ አለ፤ ከሥራ በኋላ እየተማሩ በአራት ዓመት የሚጨርሱት፣ ስሙም ያን ያህል ያልታወቀ። ትምህርቱ ያው የፋይናንስ ቴክኖሎጂ ነው። ክፍያውን ከደመወዜ ላይ ቀስ በቀስ እከፍላለሁ። ማመልከቻውን ትናንት ሞላሁት። ስለ ማስጠንቀቂያው የሚጠይቅ ቦታ ነበረው። የሆነውን ሁሉ፣ ስልኩን ጨምሬ፣ በራሴ ቃል ጻፍኩት። ቢቀበሉኝም ባይቀበሉኝም ይህን ጊዜ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ድጋፍ ሰጪ ከሚለው ቦታ ላይ የእርስዎን ስም ጽፌ ነበር። ብዙ ካየሁት በኋላ አጠፋሁት። ስድስት ዓመት ያሠራችኝን የፈረቃ ተቆጣጣሪዬን ስም ተካሁበት፤ ፊቴ ላይ የምትቆጣኝ፣ ስጠፋ ግን የምትከራከርልኝ ሴት ናት። ቢያምዎም እንዲያውቁት ፈለግሁ።

ጋሼ፣ ስለ እኔ ከእንግዲህ ለማንም አይጻፉ። ለእኔ ግን ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ